ከራስ በላይ ነፋስ፦ ከቱሉ ዲምቱ በሰዓቱ የመመለስ ስሌት

ከነገሌ ቦረና ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ገናሌን ተሻግሮ፣ የመዳ ወላቡን ቆላ አቋርጦ ደሎ መና ይደርሳል። ከደሎ መና በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ቡናና ማር የሚገኝበትን የሐረናን ጫካ ሰንጥቆ፣ ሪራ የምትባለውን መንደር አልፎ፣ በጠመዝማዛ ዳገት ሳነቴ ሜዳ ላይ ብቅ ይላል። ከሜዳው በላይ ደግሞ ከባሕር ወለል 4,377 ሜትር ከፍ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። ነገሌ ያለችው 1,475 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደሎ መና ከእሷም ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሎ መና ሻይ የጠጣ መንገደኛ ጥሩ መኪና ካገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 3,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። አካሉ ግን በዚያ ፍጥነት አይከተለውም።

በዚህ ተራራ ላይ፣ በበጋው የውርጭ ወራት፣ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ ብቻውን የሚወጣ ሰው መመለስ ያለበት መቼ ነው? ብዙ ሰው «ሲደክመው» ወይም «ሲብስበት» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ይመስላል፤ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው። ከፍታውና ብርዱ መጀመሪያ ከሚያዳክሟቸው ነገሮች አንዱ «አሁን ብሶብኛል» ብሎ የሚፈርደው አእምሮ ነው። ስለዚህ የመመለሱ ውሳኔ ተራራው ላይ ሳይሆን ከታች፣ ጭንቅላት በሞቀበትና ሆድ በጠገበበት ሰዓት ተወስኖ ማለቅ አለበት። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

የማያስፈራ ተራራ

ቱሉ ዲምቱ ሲያዩት አያስፈራም። አናቱ ድብልብል፣ ተዳፋቱ ለዘብ ያለ ነው። ጫፉ ላይ የመገናኛ ማማ ተተክሏል፤ እስከ ማማው ድረስ መኪና የሚሄድበት መንገድም አለ። ከጎባ ወደ ደሎ መና ሳነቴን አቋርጦ የሚያልፈው ዋና መንገድ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ በአፍሪካ ዓመቱን ሙሉ ከሚያገለግሉ መንገዶች ከፍተኛው እንደሆነ ይነገርለታል።

ይህ ለተጓዥ ምቹ ነው፤ ለጥንቃቄ ግን መጥፎ ነው። የሰሜን ተራሮች ገደል ስላላቸው ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ እግሩ ሳይታዘዝ ይቆማል። ሳነቴ ላይ እንዲህ ያለ አስጠንቃቂ የለም። ዓይን የሚያየው ሜዳ ነው፤ ሜዳው ግን ብዙ የዓለም ታላላቅ ከተሞች ካሉበት ከፍታ አራት ኪሎ ሜትር በላይ ተሰቅሏል። መንገዱ ደግሞ ከፍታውን ይደብቀዋል። «አይሱዙ ከነጭነቱ የሚወጣውን ዳገት እኔ እንዴት ያቅተኛል?» የሚል ስሜት ያድራል። አይሱዙው ኩፍ ኩፍ እያለ የሚወጣው ሞተሩም አየር ስላነሰው መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። መኪና የሚደርስበት ተራራ ላይ ጫፉን ሳይረግጡ መመለስ ያሳፍራል። ራስ ደጀን ላይ ተሞክሮ ያልተሳካ ጉዞ ወግ ይሆናል፤ ማማ ካለበት ኮረብታ መመለስ ግን ለወሬም አይመችም። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለው አባባል በገበያና በክርክር መሐል ሲነገር ያስቃል፤ ነፋስ ላይ ሲነገር ግን ሰው ያስገድላል።

ውርጩ ከበጋ ጋር ይመጣል

በሰሜኑ የዓለም ክፍል የብርድ ወቅት የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ እኛ ዘንድ ሰማይ የሚጠራበት በጋ ነው። ነገሌና ያቤሎ ላይ በዚህ ወቅት የሚያስጨንቀው የውኃና የግጦሽ ማነስ እንጂ ብርድ አይደለም። ሳነቴ ላይ ግን የሌሊቱ ውርጭ የሚበረታው ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደመና መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት እንዳይለቅ እንደ ክዳን ይይዛል። በጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ክዳኑ ይነሳል፤ ስሱና ደረቁ የከፍታ አየርም ሙቀቱን ይዞ አያቆይም። ሜዳው ላይ የሌሊት ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቧል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል።

ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ በመሆኑ ሙቀትና ብርድ በወራት ከሚፈራረቁት ይልቅ በቀንና በሌሊት የሚፈራረቁት ይበልጣል። እዚያ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ ኑሮውን ያበጀው በዚህ ልክ ነው። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቿን ወደ መሐል ሰብስባ እምቡጧን ትሸፍናለች፤ ሲነጋ መልሳ ትዘረጋለች። ከባሌ ተራሮች በቀር ሌላ ቦታ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ሌሊቱን ጉድጓዱ ውስጥ አሳልፎ ቀን ይወጣል። ቀይ ቀበሮም ዘመዶቹ ተኩላዎች በሌሊት ሲያድኑ፣ እሱ የፍልፈሉን ሰዓት ተከትሎ ቀን ያድናል። ከሁሉም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ሳነቴ ላይ ሥራ የሚሠራው በቀን ነው፤ ሲመሽ ሁሉም ወደ መጠለያው ይገባል።

በጥር ወር እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ወደ ታች የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ምሽቱ አጭር ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ለመራመድ የሚበቃው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አውሮፓዊ የተራራ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ረጅም የምሽት ብርሃን ከጠበቀ ይሳሳታል።

የነፋሱ ሒሳብ

የሰው አካል በቆዳው ዙሪያ ስስ የሞቀ አየር ለብሶ ይኖራል። ነፋስ ይህን ልብስ ይገፈዋል። በነፈሰ ቁጥር አካል አዲስ አየር ያሞቃል፤ ነፋሱም ያንኑ መልሶ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል የተባሉ አሜሪካውያን አንታርክቲካ ላይ ውኃ የሞላ ዕቃ ነፋስ ላይ ሰቅለው በምን ያህል ጊዜ እንደሚበርድ ለኩ። የነፋስን የማቀዝቀዝ ኃይል በቁጥር የማስላት ሥራ የተጀመረው በዚህ ነው። ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሻሽሎ ዛሬም አገልግሎት ላይ አለ።

በዚሁ ቀመር መሠረት ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ሲያሳይና ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ፣ የተጋለጠ ቆዳ የሚሰማው ብርድ ዜሮ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩ ዜሮ ሲሆን የሚሰማው ከዜሮ በታች 7 ይሆናል። ከዜሮ በታች 5 ሲሆን ደግሞ ከዜሮ በታች 14 ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በነገሌና በቱሉ ዲምቱ አናት መካከል ወደ 19 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ነገሌ ላይ 22 ዲግሪ በሆነ ረፋድ አናቱ ላይ 3 ዲግሪ ቢሆን አይገርምም። 3 ዲግሪ በጸጥታ ደስ የሚል ብርድ ነው። ነፋስ ሲጨመርበት ግን ጓንት የሌለው እጅ ዚፕ መዝጋት የሚያቅተው ብርድ ይሆናል።

ሁለተኛው የነፋስ ሥራ መግፋት ነው። የግፊቱ ኃይል ከፍጥነቱ እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እርግጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ አናቱ ላይ የሚገፋው ነገሌ ላይ ከሚገፋው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ይህ ግን ብዙ አያጽናናም፤ ፍጥነቱ በ16 በመቶ ገደማ ሲጨምር ልዩነቱ ይካካሳል። ተዳፋትን ሽቅብ የሚሄድ ነፋስ አናትና ኮርቻ ላይ ሲደርስ ስለሚጠብ ይፈጥናል። በዚህ ምክንያት ከተራራው ግርጌ የተለካው ነፋስ የአናቱን ነፋስ አይናገርም።

ተጓዥ የሚሳሳትበት ዋና ቦታ አቅጣጫው ላይ ነው። ሲወጣ ነፋሱ ከጀርባው ከሆነ ይገፋዋል፤ ብርዱም አይሰማውም፤ «ዛሬ ቀሎኛል» ይላል። ሲመለስ ያው ነፋስ ፊቱን፣ ዓይኑንና ደረቱን ያገኘዋል፤ ያኔ ደግሞ ጉልበቱ አልቋል፤ ላቡም ልብሱን አርሶታል። ስለዚህ ከጀርባ የሚገፋ ነፋስ ሲመለሱ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ በየግማሽ ሰዓቱ ፊትን ወደ መጡበት አዙሮ ሃምሳ እርምጃ መራመድ። ሃምሳው እርምጃ ከከበደ የቀረው መንገድ ሁሉ እንዲያ ነው።

ልብስም እዚህ ላይ ይታያል። ጋቢ ለነገሌ ምሽት በቂ ነው፤ ለሳነቴ ነፋስ ግን ጥጥ ብቻውን አይበቃም። ነፋስ በክሮቹ መሐል ያልፋል፤ ላብ ወይም ካፊያ ካረጠበው ሙቀት መያዙን ትቶ ሙቀት ያስወጣል። ሱፍ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይይዛል። ከሁሉም በላይ ግን ነፋስ የማያሳልፍ የውጭ ሽፋን ያስፈልጋል። ውድ ጃኬት ያልቻለ ሰው ሹራቡ ላይ የዝናብ ልብስ ወይም ላስቲክ ቢደርብ፣ በሦስት ጋቢ ከተጠቀለለው የተሻለ ይጠበቃል።

የስሱ አየር ሒሳብ

ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከነገሌው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ነው። እያንዳንዱ ትንፋሽ ነገሌ ላይ ከሚያስገባው ኦክስጅን ሲሶውን ያህል አጉድሎ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ መመርመር አለበት። «እኛ ኢትዮጵያውያን የከፍታ ሰዎች ነን» ይባላል፤ ለማስረጃም በቆጂና ሯጮቿ ይጠቀሳሉ። እውነቱ ሰፋ ያለ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብእ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢንና የደም ኦክስጅን መጠናቸው በባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ ባሌ ውስጥ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን የተለየ ውጤት አሳዩ፤ የእነሱ ሄሞግሎቢን ከቆላ ዘመዶቻቸው ከፍ ያለ ነበር። ከፍታን የመልመጃው መንገድ እንደ አካባቢውና እንደ ኑሮው ዘመን ይለያያል ማለት ነው። ይህ ጸጋ ከፓስፖርት ጋር አይሰጥም። ነገሌ፣ ሞያሌ ወይም ዶሎ አዶ ተወልዶ ያደገ ሰው ሳነቴ ላይ ሲወጣ ከየትኛውም ዓለም የቆላ እንግዳ ብዙም አይለይም።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አይመጣም፤ ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የእንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ በመኪና ወጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይነካው ያመልጣል፤ «ምንም የለውም» የሚል ወሬም ይዞ ይመለሳል። ያንን ወሬ ሰምቶ ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ሕመሙ ሲከፋ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል ወይም አንጎል ያብጣል፤ የሁለቱም ዋና መድኃኒት ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመርን ይመክራሉ። ከነገሌ የሚመጣ ሰው ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዲንሾ ደግሞ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ አድሮ ቢወጣ ምክሩን ያለ ብዙ ወጪ ይፈጽመዋል።

ሁለተኛ ሰው በሌለበት

ብቻውን የሚወጣ ሰው ምን ያጣል? የመጀመሪያው መልስ እርዳታ ነው፤ እግር ቢወለም ሄዶ የሚጠራ የለም። ባሌ ላይ በስልክ ተጠርቶ በሄሊኮፕተር የሚደርስ ቡድን አይጠበቅም። የሚደርሰው የፓርኩ ስካውት፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ወይም በመንገዱ የሚያልፍ ሾፌር ነው፤ እነሱም ሰው መጥፋቱን ካወቁ ነው። ስልክ ቢኖርም ባትሪ ብርድ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ማማው ሥር ቆሞም ስልኩ የጠፋበት ሰው መጥራት አይችልም።

ከእርዳታ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ የሚያይ ዓይን ነው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ ይነጫነጫል። ከዚያም መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ይህ የተሻለው ይመስለዋል። አንዳንዱ በመጨረሻ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። አብሮት ሰው ካለ «ንግግርህ ተበላሸ፣ እንመለስ» ይለዋል። ብቻውን ያለ ሰው ግን አይናገርምና መንተባተቡን አይሰማም።

ዳኛው ሲታመም

እዚህ ላይ የተለያዩት ሒሳቦች ይገናኛሉ። ነፋሱ ሙቀት ይቀንሳል፣ ስሱ አየር ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ብቸኝነት አራሚ ያሳጣል። ሦስቱም የሚያርፉት ውሳኔ ሰጪው አእምሮ ላይ ነው። «ብሶብኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እየከበደ በሄደ መጠን መላሹ እየደከመ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የሚሰጥ ፍርድ በሽተኛ ዳኛ የሚሰጠው ፍርድ ነው።

የውጭ ተሞክሮ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1996 መጀመሪያ ላይ ዮራን ክሮፕ የተባለ ስዊድናዊ ብቻውን፣ ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ፣ የኤቨረስት ጫፍ 100 ሜትር ያህል ሲቀረው ሰዓቱ ዘግይቷል ብሎ ተመለሰ። ሰውዬው ኔፓል የደረሰው ከአገሩ ድረስ ብስክሌት ነድቶ ነበር፤ ላለመመለስ ከእሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ተራራ ላይ የታወቀው አስጎብኚ ሮብ ሆል ቡድኑን ይዞ ወጣ። ስለ መመለሻ ሰዓት ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ሰዓቱ አለፈ፤ መውጣቱ ቀጠለ፤ ማዕበሉ መጣ። ሜይ 10 እና 11 በኤቨረስት ላይ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱት አንዱ ሆል ራሱ ነው። ክሮፕ በዚያው ወር 23ኛው ቀን ተመልሶ ወጥቶ ጫፉን ረገጠ። ተራራው ላይ የነበሩት ሁሉ ደንቡን ያውቁ ነበር። ልዩነቱ ደንቡ በሰዓቱ መፈጸሙ ላይ ነው።

ለእኛ ርዕስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2015 ኬት ማትሮሶቫ የተባለች የ32 ዓመት ተራራ ወጪ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ብቻዋን ወጣች። ከዚያ በፊት ኪሊማንጃሮንና ዴናሊን የወጣች፣ መሣሪያዋ የተሟላ፣ ብርቱ ሴት ነበረች። ኃይለኛ ነፋስ እንደሚመጣ ትንበያው ተናግሯል፤ እሷም ከነፋሱ ቀድሜ እጨርሳለሁ ብላ አሰላች። የማዲሰንን ተራራ ወጣች፣ ወደ አዳምስ ተራራ ቀጠለች፤ ከዚያ በኋላ ተመለሰች። መመለሷ ትክክል ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። እጅግ ኃይለኛ ነፋስ ገጠማት። የአደጋ መጥሪያ መሣሪያዋን አበራች፤ አዳኞች በማግሥቱ ሕይወቷ አልፎ አገኟት። የአዳምስ ተራራ ከፍታ 1,760 ሜትር ገደማ ነው፤ ከነገሌ ትንሽ ከፍ፣ ከጎባ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚያ ቀን የገደለው ነፋሱና ብርዱ እንጂ የከፍታው ቁጥር አልነበረም። መመለስ ብቻውን እንደማያድን፣ በሰዓቱ መመለስ ግን እንደሚያድን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከታች የሚወሰኑ ነገሮች

እንግዲህ በጤናማ ጭንቅላት፣ ጎባ ወይም ሪራ ቁጭ ተብሎ የሚወሰነው ምንድን ነው?

አንደኛ ሰዓት። ተጓዡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መመለስ አለበት እንበል፤ ከጨለማው በፊት አንድ ሰዓት የሚያህል ትርፍ ይኖረዋል። በመካከል 10 ሰዓት አለ። ቁልቁለት ከዳገት ይፈጥናል ቢባልም፣ ነፋስና ድካም ስላሉ መመለሻውን ከመውጫው እኩል መቁጠር ይሻላል። ስለዚህ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም መመለስ ነው። «አሥር ደቂቃ ብቻ» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ስለሆነ፣ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ሁለተኛ የነፋስ ወሰን። የፍጥነት መለኪያ የሌለው ሰው አካሉን ይጠቀማል። ቀጥ ብሎ ለመራመድ ወደ ጎን ማዘንበል ከጀመረ፣ ወይም ነፋሱ ሁለት ጊዜ እርምጃውን ካሳተው፣ ጉዞው አልቋል። ሦስተኛውን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሦስተኛ የአካል ፈተና። በየሰዓቱ ቆሞ አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር ማገናኘት፤ ተረከዝን ከጣት አስነክቶ አሥር እርምጃ በቀጥታ መስመር መሄድ፤ ከመቶ ጀምሮ ሰባት እየቀነሱ ጮክ ብሎ መቁጠር። ጮክ ማለቱ ያጣነውን የሁለተኛ ሰው ጆሮ ይተካል። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ መውረድ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ ከፍታው አሞታል ብሎ ያስብ፤ ከዚያ በላይ አይውጣ።

አራተኛ የእይታ ወሰን። የሐረና ጫካ እርጥብ አየር ቀን ሲሞቅ ተዳፋቱን ሽቅብ እየተከተለ ጉም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሜዳው ላይ ምልክት የሚሆን ዛፍ የለም፤ ጉም ሲሞላ አቅጣጫ ይጠፋል። ጉሙ ከደቡቡ ጠርዝ ብቅ ሲል ወደ መኪና መንገዱ መመለስ እንጂ ጫፉን ለመቅደም መሮጥ አይገባም።

አምስተኛ አደራ። የሚሄዱበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው ከታች መኖር አለበት። ዲንሾ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤትና መንገድ መሪዎች አሉ። ሥፍራው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው እየበዛ ነው፤ ጠፋ የተባለን ሰው መፈለግ የሚጀመረው ግን መጥፋቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መንገድ መሪ ይዞ መውጣት ነው፤ ያኔ «ብቻ» የሚለው ቃል ከሒሳቡ ይወጣል።

መመለስም ሥራ ነው

ወደ ላይ ወጥቶ ሳይዘገዩ መውረድ በባሌ አዲስ ነገር አይደለም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳወቁት፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የባሌ ዋሻ 3,469 ሜትር ላይ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያ ዘመን አናቱ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል አድነው እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት የሚያመጡትም ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። መጠለያቸው ግን ከግግሩ በታች፣ ውኃና ከለላ ባለበት ነበር። ወጥተው፣ የፈለጉትን ይዘው፣ ወደ እሳታቸው ይመለሱ ነበር ማለት ነው።

ቦረናዎችም መንጋ ወደ ሩቅ ግጦሽ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሥፍራውን አይተው የሚመጡ ሰዎች ይልካሉ። የተላከው ሰው ሣሩን፣ ውኃውን፣ በሽታውንና ጸጥታውን አጣርቶ ይመጣል። «አትሂዱ» የሚል ቃል ይዞ የመጣም «ሂዱ» ብሎ እንደመጣው እኩል ሥራውን ሠርቷል፤ መንጋውን ያዳነው ምናልባት እሱ ነው። ተራራ ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው ላኪም ተላኪም ራሱ ነው። ይዞት የሚመለሰው ወሬ እውነተኛ ከሆነ ጉዞው አልከሸፈም።

ስለዚህ ከቆላው ወደ ሳነቴ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ በተለይም ወጣቶች፣ ይህን አድርጉ። ጎባና ዲንሾ እደሩ፤ ነፋስ የማያሳልፍ ልብስ ያዙ፤ መንገድ መሪ ፈልጉ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ የመመለሻችሁን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ግልባጭ ለምታምኑት ሰው ስጡ፤ ሌላውን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ውጡ። ሰዓቱ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡና የጻፈው ጤነኛው እኔ ነኝ ብላችሁ ታዘዙት። የተመለሰ ጎረቤታችሁንም «ፈራህ» አትበሉት፤ እንዲህ ያለው ንግግር ቀጣዩን ወጣት ነፋስ ላይ ያቆየዋል። ቱሉ ዲምቱ በሚቀጥለው በጋም እዚያው ነው።